የነጥብ ቁጥርና የዓይን ፍርድ፤ ስለ ቤት ቴሌቪዥን የሥዕል ጥራት የቀረበ ትችት

ቴሌቪዥን ለመግዛት የተነሣ ሰው ሱቅ ሲገባ ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀርብለት ሥዕሉ ሳይሆን ቁጥር ነው። 720፣ 1080፣ 2160 ይባላል፤ የመጨረሻው በገበያ ስሙ «ፎር ኬ» ይሉታል። ቁጥሩ ሲበልጥ ሥዕሉ ይሻላል፥ ሥዕሉ ሲሻልም ዋጋው ከፍ ማለቱ ተገቢ ነው የሚለው አስተሳሰብ በሻጩም በገዢውም ዘንድ እንደ ሕግ ተቆጥሯል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ሕግ እውነት መሆኑንና አለመሆኑን መመርመር ነው። ጸሓፊው የሚከራከረው፥ የነጥብ ብዛት ከሥዕል ጥራት መለኪያዎች አንዱ እንጂ ዋነኛው እንዳልሆነ፥ እርሱን ብቻ ይዞ መፍረድም ተመልካቹን ገንዘቡን፥ ጥሩ ሥራንም ሕልውናውን እንዳሳጣ ለማስረዳት ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. የነገሩ አመጣጥ

የ1964 ዓመት ለዚህ ታሪክ መነሻ ሊሆን ይችላል። በዚያ ዓመት በቶክዮ የኦሊምፒክ ጨዋታ ተደረገ፤ የጃፓን ብሔራዊ ማሠራጫ ድርጅት ኤን ኤች ኬም ከዚያ ወዲህ ከተለመደው የበለጠ መሥመር ያለው ቴሌቪዥን ለመፍጠር ምርምር ጀመረ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ዶናልድ ቢትዘርና ጂን ስሎቶው፥ ሮበርት ዊልሰን ከተባለው ተማሪያቸው ጋር ሆነው የመጀመሪያውን የፕላዝማ ማሳያ ሠሩ። ሥራው የታሰበው ለቤት መዝናኛ አልነበረም፤ «ፕላቶ» ለተባለው የማስተማሪያ ኮምፒዩተር ነበር እንጂ። በዚያን ጊዜ የኮምፒዩተር ማስታወሻ እጅግ ውድ ስለ ነበረ፥ አንድ ጊዜ ከበራ በኋላ በርቶ መቆየቱን ራሱ የሚያስታውስ ነጥብ ያስፈልጋቸው ነበር። በእነዚያ ዓመታት ደግሞ አር ሲ ኤ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጆርጅ ሃይልማየርና ባልደረቦቹ በፈሳሽ ክሪስታል ሥዕል ማሳየት የሚቻልበትን መንገድ ይመረምሩ ነበር፤ ውጤቱም በ1968 ለሕዝብ ተገለጸ።

በአገራችን የቴሌቪዥን አገልግሎት የተጀመረው በዚያው በ1964 መሆኑ አጋጣሚ ነው፤ ነገር ግን ትርጕም ያለው አጋጣሚ ነው። የአዲስ አበባ ተመልካች ያንን ሆዱ የተነፋ የመስተዋት ቱቦ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያይ፥ ቱቦውን የሚተኩት ነገሮች በቤተ ሙከራ ውስጥ ተፀንሰው ነበር። አንዱ ሲፀነስ የአንድ ተማሪ እጅ ያለበት መሆኑም ለእኛ ለተማሪዎች ልብ ልንለው የሚገባ ነው።

ጃፓኖች የደረሱበት ቴሌቪዥን 1125 መሥመር ነበረው። የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን ግን በታኅሣሥ 1996 የተቀበለው ሥርዐት ዲጂታል ሲሆን፥ ከፍተኛ ጥራት ለሚለው ስም ሁለት የተለያዩ መልኮችን ፈቀደ። አንደኛው 1280 በ720 ነጥቦችን በሴኮንድ 60 ጊዜ ምሉእ አድርጎ ይልካል። ሁለተኛው 1920 በ1080 ነጥቦችን የሚልክ ሲሆን፥ መሥመሮቹን አንድ ጊዜ ጎዶሎዎቹን፥ አንድ ጊዜ ሙሉዎቹን እያፈራረቀ ስለሚያቀርብ፥ በሴኮንድ የሚደርሰው ምሉእ ሥዕል 30 ብቻ ነው። ኤ ቢ ሲና ፎክስ የመጀመሪያውን፥ ሲ ቢ ኤስና ኤን ቢ ሲ ሁለተኛውን መረጡ።

እንግዲህ ሒሳቡን ብንሠራው፥ የ720ው በሴኮንድ ወደ 55 ሚሊዮን፥ የ1080ው ወደ 62 ሚሊዮን ነጥብ ይልካል። ልዩነቱ ጥቂት ነው። አንዱ ፍጥነትን፥ ሌላው ዝርዝርን መርጧል ማለት ይሻላል። ለእግር ኳስና ለሩጫ የመጀመሪያው፥ ጸጥ ላለ ትርኢት ሁለተኛው ይስማማል። በሱቅ ግን 1080 ከ720 ይበልጣል ብቻ ይባላል። እንግዲያው ስሕተቱ የተወለደው ዛሬ ሳይሆን ከነገሩ ጋር አብሮ ነው።

ለ. ዓይን ምን ያህል ይለያል?

የሐኪም የዓይን መመርመሪያ ሰሌዳ የተመሠረተው ጤነኛ ዓይን አንድ ዲግሪ በ60 ተከፍሎ የአንዱን ክፍል ስፋት ያህል ዝርዝር ይለያል በሚለው መለኪያ ነው። ይህ ስፋት በ3 ሜትር ርቀት ላይ 0.87 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። ከዚህ ያነሱ ሁለት ጎረቤት ነጥቦች ለዓይን እንደ አንድ ናቸው።

ይህን ይዘን ወደ ቴሌቪዥኑ እንሂድ። የ55 ኢንች ቴሌቪዥን ስፋቱ 122 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ይህ በ1920 ሲካፈል አንዱ ነጥብ 0.63 ሚሊሜትር ይሆናል፤ እነዚህን ነጥቦች ለይቶ ለማየት ከ2.2 ሜትር ቀረብ ብሎ መቀመጥ ያስፈልጋል። ፎር ኬ የሚባለው 3840 በ2160 ሲሆን ነጥቡ በግማሽ ስለሚያንስ፥ ያ ሁሉ ዝርዝር ለዓይን እንዲገለጥ ተመልካቹ ወደ 1.1 ሜትር መቅረብ አለበት። በብዙ ቤት እንደሚገኘው ባለ 32 ኢንች ከሆነ ደግሞ፥ 1080 መሥመሩን በሙሉ ለመጠቀም ርቀቱ 1.3 ሜትር ብቻ መሆን አለበት። በሌላ አነጋገር፥ 3 ሜትር ርቆ ለሚቀመጥ ሰው ከ1080 በላይ መሥመር ጥቅም መስጠት የሚጀምረው ቴሌቪዥኑ ከ75 ኢንች ሲበልጥ ነው።

በዚህ ላይ ሁለት መቃወሚያዎች ሊነሡ ይችላሉ፤ ሁለቱም ተገቢ ናቸው። የመጀመሪያው የብዙ ወጣቶች ዓይን ከሐኪሙ መለኪያ የተሻለ ያያል የሚል ነው። እውነት ነው፤ ነገር ግን ርቀቱን ጥቂት ያራዝመዋል እንጂ ፍርዱን አይገለብጠውም። ሁለተኛው፥ ፎር ኬ ቴሌቪዥን ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን ሲታይ በርግጥ ይሻላል የሚል ነው። ይህም እውነት ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ ግን ብዙ ጊዜ ነጥቡ አይደለም። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በ2012 ለዚህ አዲስ ቴሌቪዥን ሰፋ ያለ የቀለም ክልል ደነገገ፤ በ2016 ደግሞ ኤች ዲ አር የሚባለውን፥ ማለት በጥቁሩና በደማቁ መካከል ያለውን ርቀት የሚያሰፋውን ሥርዐት አወጣ። ዓይን የሚደሰተው በእነዚህ ነው፤ ምስጋናውን የሚወስደው ግን ቁጥሩ ነው።

ሐ. ሦስቱ መስተዋቶች

ነጥቡ ስንት ነው ከማለት ይልቅ ነጥቡ እንዴት ይበራል፥ ይልቁንም እንዴት ይጠፋል ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ሦስቱ ዋና ዋና ዓይነቶች የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።

ኤል ሲ ዲ የሚባለው ራሱ አያበራም። ከበስተ ጀርባው መብራት አለው፤ ፈሳሽ ክሪስታሉ እንደ መስኮት መዝጊያ ሆኖ ብርሃኑን ያሳልፋል ወይም ይከለክላል። ገበያ «ኤል ኢ ዲ» ብሎ የሚሸጠውም ይኸው ነው፤ የተለወጠው የጀርባው መብራት ብቻ ነው። መዝጊያው ግን ፈጽሞ አይገጥምም። ስለዚህ የሌሊት ትርኢት ሲታይ ጥቁሩ ጥቁር ሳይሆን ግራጫ ይሆናል። ይህን ጉድለት ለመሸፈን አምራቾች «አንድ ሚሊዮን ለአንድ» የሚል የብርሃንና የጥቁረት ልዩነት በካርቶኑ ላይ ይጽፉ ጀመር። ይህ ቁጥር የተገኘው ሥዕሉ በሙሉ ጥቁር ሲሆን የጀርባውን መብራት አደብዝዞ፥ በሙሉ ነጭ ሲሆን ደግሞ አድምቆ በመለካት ነው። ሁለቱ በአንድ ሥዕል ውስጥ በአንድ ጊዜ አይገኙም። የአንድን ሰው ቁመት ተኝቶና ዛፍ ላይ ወጥቶ ለክቶ ልዩነቱን ዕድገት እንደ ማለት ነው።

ኋላ ግን የተሻለ መድኃኒት ተገኘ፤ ይኸውም የጀርባውን መብራት በብዙ መቶ ክፍል ከፋፍሎ እያንዳንዱን ለብቻው ማደብዘዝ ነው። ይህ በርግጥ ይረዳል፤ ሆኖም በጥቁር ሰማይ ላይ ያለች ጨረቃ ዙሪያዋን የብርሃን ጭጋግ ለብሳ ልትታይ ትችላለች፤ አንዱ መብራት ብዙ ነጥቦችን ያገለግላልና። በኤል ሲ ዲ የጀርባ መብራት ላይ የሚደረበው የኳንተም ዶት ንጥረ ነገር ደግሞ ቀለሙን አጥርቶለታል። የዚህ ግኝት ባለቤቶች ባዌንዲ፥ ብሩስና ኤኪሞቭ በ2023 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት መቀበላቸው ይታወሳል።

ፕላዝማ እያንዳንዱ ነጥብ በጋዝ የተሞላ ጥቃቅን ክፍል ነው። ኤሌክትሪክ ጋዙን ሲመታው የማይታይ ጨረር ይወጣል፤ ያም ጨረር ቀለም ያለውን ፎስፈር ያበራዋል። ነጥቡ ራሱ ስለሚያበራ ከየትኛውም ጎን ቢታይ ቀለሙ አይለወጥም፤ ጥቁሩ ጥልቅ ነው፤ የሚሮጥ ነገርም አይደበዝዝበትም። ጉድለቱ ኤሌክትሪክ መብላቱ፥ ክብደቱና አንድ ሥዕል ሳይለወጥ ብዙ ሰዓት ከቆየ ጥላውን ማስቀረቱ ነው።

ሦስተኛው ኦሌድ ነው። በ1987 የኮዳክ ኩባንያ ተመራማሪዎች ቺንግ ታንግና ስቲቨን ቫን ስላይክ በቀጭን የካርቦን ውሑዶች ንጣፍ ውስጥ ኤሌክትሪክ አሳልፈው በጥቂት ቮልት ብርሃን ማግኘታቸውን አስታወቁ። ሶኒ በ2007 ባለ 11 ኢንች፥ ኤልጂ በ2013 ባለ 55 ኢንች ቴሌቪዥን አወጡ። በዚህ ዓይነቱ ላይ ጥቁር ማለት የጠፋ ነጥብ ማለት ነው፤ ምንም ብርሃን የለውም። ነገር ግን በሙሉ ነጭ ሥዕል ጊዜ ከጥሩ ኤል ሲ ዲ ያነሰ ደማቅ ነው፤ እንደ ፕላዝማም ጥላ ያስቀራል። በማዕዘን ላይ የጣቢያ ምልክት ቀኑን ሙሉ ሳይነቃነቅ በሚታይበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

መ. የፕላዝማ አወዳደቅ

ከላይ የተባለው ሁሉ የተግባር ምስክር አለው። የጃፓኑ ፓዮኒር ኩባንያ በ2007 «ኩሮ» የተባለ ፕላዝማ አወጣ። ቃሉ በጃፓንኛ ጥቁር ማለት ነው፤ ስሙም እንደ ሥራው ነበር። ሥዕልን በሙያ የሚመረምሩ ሰዎች በዘመኑ ከነበሩት ሁሉ በላይ አድርገው አመሰገኑት። ሆኖም ፓዮኒር በየካቲት 2009 ከቴሌቪዥን ሥራ እንደሚወጣ አስታወቀ። ፓናሶኒክ በ2013 መጨረሻ ፕላዝማ መሥራቱን አቆመ፤ ሳምሰንግና ኤልጂም በ2014 ተከተሉት።

የተመሰገነው እንዴት ሞተ? አንዱ ምክንያት የፋብሪካ ኢኮኖሚ ነው። የኤል ሲ ዲ ፋብሪካ ለኮምፒዩተርም ለስልክም ስለሚሠራ ወጪው በብዙ ዕቃ ላይ ይከፋፈላል፤ ፕላዝማ ግን ከትልቅ ቴሌቪዥን በቀር ሌላ ሥራ አልነበረውም። የኤሌክትሪክ ፍጆታውም ከመንግሥታት ቁጠባ ደንብ ጋር አጋጨው። እነዚህ እውነተኛ ጉድለቶች ናቸው፤ ፕላዝማን የሚያለቅሱለት ሰዎች ይህን ሊዘነጉ አይገባም።

ሌላው ምክንያት ግን የአፈራረድ ነው። የጋዙን ክፍል ማሳነስ አስቸጋሪ ስለ ሆነ ብዙዎቹ ባለ 42 ኢንች ፕላዝማዎች 1024 በ768 ነጥብ ብቻ ነበራቸው። አጠገባቸው የቆመው ኤል ሲ ዲ 1920 በ1080 የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ከዚህም በላይ ሱቅ ማለት በብርቱ መብራት የተጥለቀለቀ ቤት ነው፤ ኤል ሲ ዲው በሙሉ ኀይሉ እንዲያበራ ተደርጎ ይቀመጣል፤ የፕላዝማው መስተዋት ግን የጣራውን መብራት እየመለሰ ደብዝዞ ይታያል። ገዢው በሱቅ ብርሃን ፈርዶ በቤቱ ብርሃን ሊያይበት ገዛ። ዳኛው የተቀመጠበት ችሎትና ቅጣቱ የሚፈጸምበት ቦታ የተለያዩ ናቸው። ጥሩው ሥዕል የተሸነፈው በከፊል ማንም በማይኖርበት ክፍል ውስጥ ተመዝኖ ነው።

ሠ. ሥዕሉ በምን መንገድ ይመጣል?

መስተዋቱ የቱንም ያህል ቢያምር የሚያሳየው የተላከለትን ነው። የአሜሪካ የምድር ማሠራጫ አንድ ጣቢያ በሴኮንድ 19.39 ሜጋቢት ይይዛል፤ ብዙ ጊዜም ይህ ለሁለትና ለሦስት ፕሮግራም ይከፋፈላል። በ2006 የወጣው ብሉ ሬይ ዲስክ፥ በ2008 ተፎካካሪውን ኤች ዲ ዲቪዲን ያሸነፈው፥ ለሥዕል ብቻ በሴኮንድ እስከ 40 ሜጋቢት ሊሰጥ ይችላል። ኔትፍሊክስ ግን ለፎር ኬ ሥዕል የሚጠይቀው የኢንተርኔት ፍጥነት 15 ሜጋቢት ነው። የተጠቀሙባቸው የመጭመቂያ ስልቶች ስለሚለያዩ ቁጥሮቹን ብቻ ማወዳደር ፍጹም አይሆንም፤ ቢሆንም አንድ ነገር ግልጽ ነው። ዲስኩ በ2 ሚሊዮን ነጥብ ላይ የሚያፈሰውን ያህል መረጃ ኢንተርኔቱ በ8 ሚሊዮን ነጥብ ላይ አያፈስም። ጭስና ዝናብ፥ የስታዲየም ሣርና የሕዝብ ብዛት ሲታይ ሥዕሉ የሚቆራረጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ብዙ ቤተ ሰብ ቴሌቪዥን የሚያየው በዲሽና በሪሲቨር ነው። በሳተላይት የሚመጣው ሥዕል ተጨምቆ የመጣ ነውና በፎር ኬ መስተዋት ላይ ሲለጠጥ ጉድለቱ ጎልቶ ይወጣል እንጂ አይደበቅም። የሌለውን ዝርዝር በመስተዋቱ ላይ መፈለግ አባቶች እንደሚሉት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ከመንገዱ ሌላ የመስተዋቱ ጣልቃ ገብነትም አለ። ሲኒማ በሴኮንድ 24 ሥዕል ይነሣል። ዘመናዊው ቴሌቪዥን ግን በእነዚህ መካከል ማንም ያላነሣቸውን ሥዕሎች ከራሱ ፈጥሮ ያስገባል፤ ኤል ሲ ዲ እያንዳንዱን ሥዕል ሳያጠፋ ይዞ ስለሚቆይ የሚታየውን መደብዘዝ ለማከም ታስቦ የተጀመረ ነው። ለኳስ ጨዋታ ሊጠቅም ይችላል። ለፊልም ግን የተዋናዩን እንቅስቃሴ አለሳልሶ ሥራውን የሰፈር ድራማ ያስመስለዋል። በታኅሣሥ 2018 ቶም ክሩዝና ዳይሬክተሩ ክሪስቶፈር ማክኳሪ ተመልካቾች ይህን እንዲያጠፉት በአደባባይ ለመኑ፤ በ2019ም የአምራቾች ኅብረት በአንድ ቁልፍ ይህን ሁሉ የሚያስወግድ «የፊልም ሠሪ ሁነታ» አቋቋመ። አንድ ደራሲ መጽሐፉን አታሚው በየመሥመሩ መካከል ቃል እየጨመረ ቢያትምበት ዝም አይልም። ሥዕል ላይ ሲደረግ ግን ከፋብሪካው እንዲሁ ተከፍቶ ይመጣል፤ ገዢውም እንደ ተጨማሪ ጸጋ ይቀበለዋል።

ረ. ለየትኛው ቤት የትኛው?

ከዚህ በላይ ከተባለው አንድ ዕቃ ለሁሉ ይሻላል የሚል መደምደሚያ አይወጣም። ፍርዱ በቤቱ መጀመር አለበት።

ብቻውን ወይም ከአንድ ሰው ጋር፥ ማታ መብራት አጥፍቶ ፊልም ለሚመለከት ሰው ኦሌድ ዋጋው ከፈቀደለት ተወዳዳሪ የለውም፤ 1080 መሥመር ብቻ ቢኖረውም እንኳ ከባለ ብዙ ነጥቡ ርካሽ ኤል ሲ ዲ ይሻለዋል። ትልቅ ሥዕል ለሚፈልግና ክፍሉን ማጨለም ለሚችል ፕሮጀክተር አለ፤ ሆኖም ፕሮጀክተር ጥቁርን ሊሠራ አይችልም፤ ጥቁሩ የግድግዳው ጨለማ ነው። መስኮቱ ክፍት ሆኖ በቀን ከታየ ሥዕሉ ይጠፋል።

የብዙዎቻችን ቤት ግን ከዚህ ሌላ ነው። ቴሌቪዥኑ በአንድ ግድግዳ አጠገብ ይቆማል፤ ሰዎች በሦስቱ ግድግዳ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ ጎረቤትና እንግዳ ይጨመራል፤ መብራቱ በርቶ ቡና ይፈላል። ፊት ለፊት የሚቀመጠው አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው፤ የቀሩት ከጎን ያያሉ። እንዲህ ላለው ቤት ከነጥቡ ብዛት ይልቅ ሥዕሉ ከጎን ሲታይ አለመደብዘዙ ይበልጣል። ኤል ሲ ዲም በዚህ ሁለት ዓይነት ነው፤ አይ ፒ ኤስ የሚባለው ከጎን በደንብ ይታያል፥ ጥቁሩ ግን ደካማ ነው፤ ቪ ኤ የሚባለው ጥቁሩ የተሻለ ነው፥ ከጎን ግን ይነጣል። ስለዚህ ለኳስና ለዜና ሰው ለሚሰበሰብበት ብርሃን ላለው ቤት የመጀመሪያው ይሻላል። ይህን ልዩነት የሚናገር ሻጭ ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ በካርቶኑ ላይም እምብዛም አይጻፍም። የሚጻፈው ቁጥሩ ነው።

ማጠቃለያ

የነጥብ ብዛት ለመቍጠር ቀላል ስለ ሆነ የገበያ ቋንቋ ሆነ። ጥቁረት፥ የቀለም ታማኝነት፥ የጎን እይታና የእንቅስቃሴ ጥራት ለማየት እንጂ ለመቍጠር ቀላል አይደሉም፤ ስለዚህ ተረሱ። የሚቈጠረው ነገር የሚታየውን ነገር ሲያሸንፍ የተጎዳው ተመልካቹ ብቻ አይደለም፤ ፕላዝማን የሠሩት መሐንዲሶችና ፊልማቸው የተለሰለሰባቸው አርቲስቶችም ናቸው። ይህ በሽታ በቴሌቪዥን ብቻ የተወሰነ አለመሆኑን የፈተና ውጤት የሚጠብቅ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል።

ፈውሱ ውድ አይደለም። ሜትር ይዞ ከወንበሩ እስከ ግድግዳው መለካት፤ በሱቅ ውስጥ የሌሊት ትርኢት እንዲከፈት መጠየቅ፤ ከዚያም ወደ ጎን ሦስት እርምጃ ተራምዶ የሰው ፊት ቀለሙ እንደ ተለወጠ መመልከት ነው። ይህን ያደረገ ሰው የሻጩን ቁጥር ቢሰማም አይታለልም፤ ገንዘቡንም የሚከፍለው ዓይኑ ለሚያገኘው ነገር ይሆናል።